እህቴ በየቀኑ 6 ናኖሰከንድ ትቀድመኛለች

መንትያ እህት አለችኝ። እኔ ድሬ ነኝ፣ እሷ ሐረር። እኔ 20 ደቂቃ ቀድሜ ተወልጃለሁ። እሷ ግን ይህን ለአንድ ቀን እንኳ ተቀብላ አታውቅም። «ታላቅ ማለት ኋላ የሚወጣው ነው። ታናሹን ሂድና መንገድ ጥረግ ብሎ ይልከዋል» ትላለች። 52 ዓመት ሙሉ ተጨቃጨቅን።

ባለፈው ሰሞን ነገሩን በሒሳብ ልዝጋው ብዬ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። የወጣው ቁጥር ብቻዬን አሳቀኝ። እህቴ ሐረር በመኖሯ ብቻ በየቀኑ 6 ናኖሰከንድ ገደማ ከእኔ የበለጠ ታረጃለች። ናኖሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ፣ ማይክሮሰከንድ ደግሞ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ናት። ሐረር ካገባች 27 ዓመቷ ነው፤ እስካሁን ከ60 ማይክሮሰከንድ በላይ አጠራቅማለች። በዚህ አያያዟ ከቀጠለች 20 ደቂቃዋን አሟልታ ታላቄ የምትሆነው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ነው። ደውዬ ነገርኳት። «እጠብቃለሁ» አለችኝ።

እኔ ሰዓት አዳሽ ነኝ። ከዚራ አካባቢ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የመስታወት ሳጥን፣ ዓይኔ ላይ የማደርጋት አጉሊ መነጽር፣ አለቀ። ሙያውን ያወረሰኝ አባቴ ነው። በእሱ ጊዜ ደንበኞቹ የምድር ባቡር ሰዎች ነበሩ። ሰዓታቸው አንዲት ደቂቃ ብትዛነፍ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ዛሬ ሰው ሰዓት የሚያየው ስልኩ ላይ ነው። ስለዚህ ባትሪ እቀይራለሁ፣ ማሰሪያ አሳጥራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታና ሰው ሁሉ ወደ በርጫው ሲገባ ደግሞ አነባለሁ። ፊዚክስ የተማርኩት እስከ 12ኛ ክፍል ነው። የቀረውን ከስልኬ ነው የለቃቀምኩት። ያልገባኝን ሰዓቱን ሊያሠራ የሚመጣ አንድ የፊዚክስ አስተማሪ ያስረዳኛል። እሱን አላስከፍለውም።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ የባጃጅ ልጅ ነው። ባትሪ ላስቀይር ብሎ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ የተበተኑትን ሰዓቶች አይቶ፣ «አቦ ጋሼ፣ ከነዚህ ውስጥ ወደ ኋላ የሚመልስ የለም?» አለኝ። ለምን ፈለግከው ስለው ሳቅ ብሎ ዝም አለ። ባትሪውን አስቀይሮ፣ ጥያቄውን ጥሎልኝ ሄደ።

ወደ ፊት ከሆነ ችግር የለም። ሁላችንም በየቀኑ እናደርገዋለን፤ አንዳንዱ ትንሽ ቀደም፣ አንዳንዱ ትንሽ ዘግየት ይላል እንጂ። ይህን የነገረን አንስታይን ነው፣ በፈረንጅ ከ1907 እስከ 1915 ባወጣቸው ጽሑፎች። መሬትን የመሰለ ከባድ ነገር አጠገብ ጊዜ ይዘገያል። ከመሬት ራቅ ባልክ ቁጥር ይፈጥናል። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር 1,880 ገደማ ላይ። መሐላቸው ያለው 680 ሜትር ነው ለእህቴ በቀን 6 ናኖሰከንድ የሚሰጣት።

ይህ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ጃፓኖች ቶኪዮ ውስጥ ባለ አንድ ረጅም ማማ ላይ ለክተውታል። አንዱን ሰዓት ከሥር፣ ሌላውን 450 ሜትር ከፍ አድርገው አስቀመጡ። የላይኛው በቀን 4 ናኖሰከንድ ያህል ቀደመ። ውጤቱን ያወጡት በ2020 ነው። ከዚያ በፊት በ2010 አሜሪካኖች በ33 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ብቻ ለክተው አሳይተዋል። ስንዝር ተኩል ማለት ነው። እንግዲህ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ሰዓት ከእጄ አምልጦ መሬት ከወደቀው ይቀድማል።

እዚህ ላይ የሙያ ባልደረቦቼ ሊቃወሙኝ ይችላሉ። ፔንዱለም ያለውን የግድግዳ ሰዓት ከድሬ ሐረር ብትወስደው አይፈጥንም፤ እንዲያውም ይዘገያል። ልክ ናቸው፤ በአባቴ ሰዓት አይቼዋለሁ። ከፍ ሲባል ስበቱ ትንሽ ይላላል፣ ፔንዱለሙም ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፣ በቀን ጥቂት ሰከንድ ይጎድላል። ያ ግን የማሽኑ ጣጣ ነው። ከታች ያለችውን ዳዶ አዙረህ ፔንዱለሙን ትንሽ ከፍ ታደርገዋለህ፣ ይስተካከላል። አንስታይን የሚለው ሌላ ነው። ማሽኑ ሳይሆን ጊዜው ራሱ ነው የሚፈጥነው። የእህቴ የልብ ምት፣ ምድጃዋ ላይ የጣደችው ውሃ፣ ሽበቷ፣ ሁሉም አብሮ ይፈጥናል። ስለዚህ እዚያ ላለ ሰው ምንም አይታወቀውም። የሚዞር ዳዶም የለም።

ሲታሰብ ነገሩ ሁሉ የዚያ ተራራ ሥራ ነው። ባቡሩ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ተራራው አላወጣ ስላለ ሐዲዱ በግርጌው አለፈ፤ በ1902 ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ድሬ ከተማ ሆነች። (የባቡሩንና የሳይንሱን ዓመት በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ የቤታችንን በራሳችን።) ከ3 ዓመት በኋላ በርን ከተማ፣ የፈጠራ ሥራ በሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ የ26 ዓመት ወጣት አንድ ጽሑፍ አወጣ። አንስታይን ነው። ጽሑፉ ገና ከመጀመሩ ስለ ባቡር ያነሳል። ባቡሩ 7 ሰዓት እዚህ ይደርሳል ስንል ምን ማለታችን ነው? የሰዓቴ ትንሿ ቆጣሪ 7 ላይ ስትደርስና ባቡሩ ሲደርስ እኩል ሆኑ ማለታችን ነው ይላል። አባቴ ቢያነበው «ይህማ ማን ያጣዋል!» ብሎ ይወረውረው ነበር። ተንኮሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባቡሩ የደረሰው እዚህ ሳይሆን ሩቅ ካለ ጣቢያ ቢሆንስ? የዚያ ጣቢያ ሰዓትና የእኔ ሰዓት እኩል ናቸው የሚለው ማን ነው? ይህቺን የጣቢያ ጥያቄ ይዞ ሄዶ ሄዶ፣ ለሁሉም እኩል የሚሆን አንድ «አሁን» የለም እስከማለት ደረሰ።

በነገራችን ላይ የእሱ 7 ሰዓት የእኛ 1 ሰዓት ነው። ፈረንጅ ኢትዮጵያ ሲገባ 7 ዓመት ወጣት ሆነ የምትለዋ ቀልድ ሰልችታኛለች። እሱ የአቆጣጠር ልዩነት ነው እንጂ የጊዜ ልዩነት አይደለም። እውነተኛ 7 ዓመት የሚፈልግ ካለ ግን መንገዱ አለ። ከብርሃን ፍጥነት በ99 በመቶው እየበረረ በራሱ ሰዓት 1 ዓመት ቆይቶ ይመለስ። እኛ 7 ዓመት ኖረን እናገኘዋለን።

ከፍታ ሲያፈጥን፣ ፍጥነት ደግሞ ያዘገያል። በ1971 ሃፈልና ኪቲንግ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን 4 የአቶም ሰዓቶች ይዘው በተራ የመንገደኛ አውሮፕላን ዓለምን ዞሩ። አንዴ ወደ ምሥራቅ፣ አንዴ ወደ ምዕራብ። ወደ ምሥራቅ ሲዞሩ ከመሬት ዙረት ጋር ስለሚደመር ሰዓቶቹ 59 ናኖሰከንድ ዘገዩ። ወደ ምዕራብ ሲዞሩ 273 ቀደሙ። የባጃጁ ልጅም ሳያውቀው ይህን ሒሳብ በየቀኑ ይጠቀምበታል። ስልኩ ላይ ያለው ካርታ የሚሠራው 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ባሉ ሳተላይቶች ሰዓት ነው። እነዚያ ሰዓቶች በቀን 38 ማይክሮሰከንድ ይቀድማሉ። ባይታረም በአንድ ቀን ብቻ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ያሳስተው ነበር። ከዚራ ቆሞ ካርታው ገጠር ነህ ይለዋል። (በርጫ ላይ የመረቀነ ሰው 3 ሰዓቱ 20 ደቂቃ ይመስለዋል። እሱ ሌላ ፊዚክስ ነው።)

ከጊዜ ተጓዦች ሁሉ የምወደው ግን ሰርጌይ ክሪካሌቭን ነው። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 10 ቀን 1983 ከሶቪየት ኅብረት ተነስቶ ሚር ወደሚባለው የጠፈር ጣቢያ ወጣ። በ10ኛው ቀን እዚህ ደርግ ወደቀ። እኔና እህቴ የ18 ዓመት ልጆች ነበርን፤ ያን ሳምንት የማይረሳ የለም። ሰውየው በመጋቢት 1984 ሲወርድ የላከችው አገር የለችም። የተወለደባት ሌኒንግራድም ስሟ ሴንት ፒተርስበርግ ሆኗል። በ6 ጉዞ በድምሩ 803 ቀን ጠፈር ላይ ኖሯል። እዚያ ከፍታው ቢያፈጥነውም ሩጫው ያይላል፤ ስለዚህ ዘግይቷል። ሁሉም ተደምሮ ከእኛ በ0.02 ሰከንድ ያህል ወጣት ነው። ዓይን ተርገብግቦ እስኪከደን እንኳ ከዚያ ይረዝማል። እንግዲህ የሰው ልጅ ወደ ፊት የሄደው ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ወደ ኋላ የሚለውን ደግሞ እኔ ራሴ በ1976 ሞክሬዋለሁ።

11 ዓመቴ ነበር። ቤታችን ግድግዳ ላይ በየሰዓቱ የሚደውል አሮጌ ሰዓት አለ። አባቴ የሞላው በእኛ አቆጣጠር ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ማታ 12 ሲደወል ሁለታችንም ቤት መገኘት። ያን ቀን ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ስንጫወት አመሸሁ። ስደርስ 12 ከ25 ሆኗል። ደግነቱ አባቴ አልገባም። ወንበር ላይ ወጣሁና የደቂቃ ቆጣሪውን ወደ ኋላ መልሼ 11 ከ40 አደረግኩት። እህቴ በሩ ላይ ቆማ «ይቆጥራል» አለችኝ። አባባ ይቆጥራል ማለቷ መሰለኝ። ለካ ሰዓቱን ነው።

የዚያ ዓይነት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚደውል የሚያውቀው ፊቱ ላይ ያለውን ቆጣሪ አይቶ አይደለም። ከጀርባው ጠርዟ የተቆራረጠ ማርሽ አለችው። 1፣ 2፣ 3 እያለች በተራ ትሄዳለች። 12 ከደወለች በኋላ ተራው የ1 ነው። ቆጣሪውን ወደ ኋላ ብትመልስ እሷ አብራ አትመለስም። የደወለችውን ደውላለች።

አባቴ ገባ። ጫማውን አወለቀ። ሰዓቱን ቀና ብሎ አየና ምንም አላለም። ቆጣሪው እንደገና 12 ላይ ደረሰ። ሰዓቱ አንዴ ድው አለና ዝም አለ።

አባቴ ሰዓቱን አየ። ቀጥሎ እግሬ ላይ ያለውን አሸዋ። አልመታኝም። ወንበሩ ላይ መልሶ አቆመኝና የደወሉን ዘንግ በጣቴ እያነሳሁ ማርሿን ዙሯን እንዳስጨርሳት አዘዘኝ። 2 ደወለች፣ 3 ደወለች፣ እስከ 12። ደምሩት፤ 77 ጊዜ ነው። እህቴ ጮክ ብላ ቆጠረች፣ ከልቧ ደስ ብሏት። «ወደ ኋላ አይመለስም፤ በፊት በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው» አለኝ አባቴ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ኩርት ጎደል ስለሚባል የሒሳብና የአመክንዮ ሊቅ ሳነብ ይህች የአባቴ ነገር ትዝ አለችኝ። ጎደል የአንስታይን ወዳጅ ነበር። በ1949 ከራሱ ከአንስታይን ስሌት አንድ ጉድ አወጣ። ዓለም በሙሉ የምትሽከረከር ብትሆን፣ አንድ ሰው ሁልጊዜ ወደ ፊት እየሄደ ዞሮ የራሱ ትላንት ላይ ሊደርስ ይችላል። ወደ ኋላ አይረግጥም፤ ሁሌም ወደ ፊት ነው። መንገዱ ነው ራሱ ላይ የሚገጥመው፣ እንደዚያች ማርሽ። ስሌቱ ስህተት የለበትም። ችግሩ የእኛ ዓለም እንደዚያ ስትሽከረከር አለመታየቷ ነው።

ሌላው መንገድ ዋርምሆል የሚሉት ነው። ሁለት ሩቅ ቦታዎችን የሚያገናኝ አቋራጭ ጉድጓድ በሉት። በ1935 አንስታይንና ሮዘን አሰቡት። በ1988 ኪፕ ቶርን የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅና ባልደረቦቹ ደግሞ እንዲህ አሉ። የጉድጓዱን አንዱን አፍ ወስደህ በከፍተኛ ፍጥነት አብርረህ ብትመልሰው የዚያኛው አፍ ጊዜ ይዘገያል፣ ልክ እንደ ክሪካሌቭ። ከዚያ በዘገየው አፍ ገብተህ በሌላው ስትወጣ ወደ ቀድሞው ጊዜ ደረስክ ማለት ነው። ጉድጓዱ እንዳይደፈን ግን ከባዶም ያነሰ፣ ኔጋቲቭ ኃይል ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ነገር በጣም በጥቂቱ አለ። ካሲሚር የሚባል ሆላንዳዊ በ1948 የተነበየው ሁለት ብረቶች ተጠጋግተው ሲቀመጡ መሐላቸው የሚታየው ነው። ሰው የሚያሳልፍ ጉድጓድ የሚይዝ ያህል ከየት እንደሚመጣ ያሳየ የለም። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ስቴፈን ሆኪንግ በ1992 ነገሩን ቁርጥ አድርጎ፣ ተፈጥሮ ራሷ ይህን ነገር ትከለክላለች ብሎ ገመተ። በ2009 ደግሞ ለጊዜ ተጓዦች ግብዣ አዘጋጀና የጥሪ ወረቀቱን ከግብዣው በኋላ ላከ። ማንም አልመጣም። ቀልደኛ ሰው ነበር። እኔ ግን ይህን እንደ ማስረጃ አልቆጥረውም፤ ለምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

የባጃጁ ልጅ በሳምንቱ ተመለሰ። ሰዓቱ ደህና ነው፤ የመጣው ለጥያቄው ነው። ያነበብኩትን ሁሉ ዘረገፍኩለት። መጨረሻ ላይ «የት ልትሄድበት ነው?» አልኩት።

«ሐምሌ 1998» አለኝ።

ድሬ ላለ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ለሌላው፣ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደበት ጎርፍ ነው። ልጁ ያኔ 6 ዓመቱ ነበር። ከዚህ በላይ አልጠየቅኩትም።

«ሄጄ በር ባንኳኳ?» አለ።

እውነቱን ነገርኩት። ሄደህ በሩን ብታንኳኳና ሁሉም ቢወጡ፣ ዛሬ የምትሄድበት ምክንያት አይኖርም። ምክንያት ከሌለ አትሄድም። ካልሄድክ ያንኳኳው ማን ነው? ኖቪኮቭ የሚባል ሩሲያዊ ለዚህ ያለው መልስ፣ ብትሄድ እንኳ የሆነው ነገር ይሆናል የሚል ነው። በሩን ታንኳኳለህ፤ ዝናቡ ድምፅህን ይውጠዋል። «እንደሱ ከሆነ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። እኔም መልስ የለኝም። ሌሎች ደግሞ የምትሄደው ወደ ሌላ ዓለም ነው፣ እዚያ ያሉት ይድናሉ፣ የእዚህኞቹ ግን እንደሆኑት ናቸው ይላሉ። ይህንንም አልወደደውም።

ከሁሉ የከበደኝን መጨረሻ ላይ ነገርኩት። በዋርምሆል የሚሠራ የጊዜ መኪና ከተሠራበት ቀን ወደ ኋላ አያልፍም። ሁለቱ አፎች የተለያዩት የዚያን ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት በር የለም። ዛሬ ተሠርቶ ቢያልቅ እንኳ ወደፊት የሚመጡ ሰዎች ወደ ዛሬ ይመለሱ ይሆናል እንጂ፣ እኛ ሐምሌ 1998 አንደርስም። ሆኪንግ ግብዣ ላይ ሰው ያልመጣውም ለዚህ ሊሆን ይችላል። በሩ ገና አልተሠራማ።

ልጁ ትንሽ አሰበ። «ማንም አልሠራትም ነበር ያኔ» አለ።

«ማንም።»

ከሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ሰዓቶች አንድ በአንድ ሲያይ ቆየ። ኋላ ደንበኛ ጠራው፣ ባጃጁን አስነስቶ ሄደ። አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል። ሻይ እንጠጣለን፤ ስለ ኳስ ነው የምናወራው።

ቅዳሜ ሐረር ወጣሁ። ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት ሲያያዘው ጆሮዬ ድፍን ይላል፤ ጊዜዬ ደግሞ ትንሽ ይፈጥናል። የአባቴ ሰዓት ያለው እህቴ ቤት ነው። አባታችን ሲያርፍ «ታላቅ ነኝ» ብላ ወሰደችው። ልጆቿ እንዳይረፍድባቸው ብላ 10 ደቂቃ ታስቀድመዋለች። ይህ ያናድደኛል። ሰዓት አዳሽ ወንድም ያላት ሴት እንዴት በውሸት ሰዓት ትኖራለች? ወንበር ስቤ ወጣሁና እጄን ወደ ቆጣሪው ሰደድኩ።

«ይቆጥራል» አለች ከኋላዬ።

እጄን መለስኩ። የቀደመ ሰዓት መፍትሔው አንድ ነው። በሩን ከፈትኩና ፔንዱለሙን በጣቴ ያዝ አድርጌ አቆምኩት። ቤቱ ጸጥ አለ። እህቴ ሆጃ ቀዳችልኝ። የእጅ ሰዓቴን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ መሐላችን አስቀመጥኩና፣ 10 ደቂቃው እስኪደርስብን ቁጭ ብለን ጠበቅን።